እናታችን ከባሕሩ በላይ የወጣች ዕለት

ይድረስ ለእህት ዓለሜ ለኦዲሊያ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የባልሽ የፋውስቲኖ ወገብ ተሻለው ወይ? ልጆቹንስ የቲሁዋና ከተማ ጉንፋን ለቀቃቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የጎደለን የአንቺ ዓይን ብቻ ነው።

እማዬ ጡረታ ወጣች። ያን ሁሉ ዘመን የሆቴሉን አንሶላ ስታጥብ ኖራ፣ ባለፈው ዓርብ በኬክና በጭብጨባ ሸኟት። እኔም ምን ላድርግልሽ ብላት፣ «በጀልባ እየጎተትክ እንግዶቹን የምታስበርርበት ፓራሹት ላይ ስቀለኝ» አለችኝ። አባታችንን ባሕር ከወሰደው ወዲህ ውኃው ከቁርጭምጭሚቷ አልፎ እንደማያውቅ ታውቂያለሽ። የደም ግፊቷን አንስቼ እምቢ ብላት፣ «የባዕድ አገር አሮጊት ሁሉ ስታንጠለጥል ከርመህ እናትህን ልትነፍጋት ነው?» ብላ እሺ አሰኘችኝ። ረዳቴ ቾን ደግሞ መቼም ነገር ማባባስ ይወዳል፤ «አይዞዎት እማማ፣ ገመዱ ቢበጠስ በቀጥታ ኦዲሊያ ቤት ነው የሚያርፉት» እያለ ቀበቶውን አሰረላት።

ሽቅብ ስትወጣ ትስቅ ነበር። ከሆቴሉ ጣሪያ በላይ ስትደርስ ግን ድንገት ከጎን ነፋስ ተነሥቶ ከአሸዋው ዳር ወዳለው ቋጥኝ ይገፋት ጀመር። አሸዋው ላይ ላሳርፋት ብል ድንጋዩ ላይ ልትወድቅብኝ ነው። ሌላ አማራጭ ስላልነበረኝ ወደ ጥልቁ ጎትቼ ፍጥነቴን ቀነስኩ። እሷም ቀስ ብላ ወርዳ ውኃው ውስጥ ገባች። መሪውን ለቾን ሰጥቼ ዘለልኩ። እህቴ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ስደርስ ተንሳፋፊ ሰደርያዋ ይዟት፣ በጀርባዋ ተንጋላ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። የምትጸልይ መስሎኝ «ደረስኩልሽ እማዬ!» ብላት፣ «ዝም በል እስቲ፣ ከአባትህ ጋር እያወራሁ ነው፤ ሥራ መጨረሴን ልንገረው» አለችኝ። አጠገቧ እየዋኘሁ ጠበቅኋት። የምትነግረው ብዙ ነበራት። የአንቺም ስም ሲነሣ ሰምቻለሁ።

አሁን ትንሽ ከማስነጠሷ በቀር ደህና ናት። የአባታችን ሬሳ ስላልተገኘ በየዓመቱ በሙታን ቀን ባዶ መቃብር ላይ አበባ እናኖር አልነበር? ዘንድሮ ግን «በጀልባ ወስደን እሱ ካለበት ባሕሩ ላይ እንበትንለት» ትላለች። እባክሽ ነይ። ያላንቺ አንሄድም።

ፋውስቲኖን ሰላም በይልኝ። ሮሄሊያን ግንባሯን፣ ትንሹን ኤልፒዲዮን ጉንጮቹን ሳሚልኝ። ቾን እጅ ነሥቷል። እማዬ ደግሞ «ስትመጣ የዋና ልብስ እንዳትረሳ» በልልኝ ብላለች።

ወንድምሽ ዌንሴስላዎ
ዚዋታኔሆ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1998