በቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ ስላሰማሁት ጩኸት

ቀን፦ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቆላማ ሰብሎች ጥናት ማዕከል
ለክብርት ዶክተር ኤልሳቤጥ ፀሐዩ፣ የማዕከሉ ኃላፊ
ገንዳ ውሃ

አመልካች፦ ለይኩን ማተቤ፣ የገንዳ ውሃ ከተማ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ የሦስት መኸር የወፍ ጥበቃ ልምዴ «አግባብነት የለውም» ተብሎ ዜሮ ስለተሰጠበት፣ ጩኸቴም እንደ ሁከት ስለተቆጠረብኝ የቀረበ አቤቱታ

ክብርት ሆይ፣

የሳንጃ ልጅ ሆነው፣ ተምረው ለዚህ ወንበር መብቃትዎ ለእኛ ለቆላ ልጆች ሁሉ ኩራት መሆኑን አስቀድሜ እየገለጽሁ፣ ይህን ጽሑፍ በሥራ መካከል ትንሽ ጊዜ ሰጥተው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። አጭር ላደርገው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

1. በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ ባጣሁ ጊዜ በአቶ ሸጋው የማሽላ እርሻ ላይ ወፍ ጠባቂ ሆኜ ተቀጠርሁ። ላለፉት ሦስት መኸሮች ማሽላው ፍሬ መያዝ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ እስኪታጨድ ድረስ ማማ ላይ ቆሜ ግሪሳ ወፍ ስከላከል ኖሬአለሁ። ሥራው ወንጭፍ መወንጨፍ፣ ጅራፍ ማጮህ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ራስን መጮህ ነው። ሰው «ምን ትሠራለህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «እጮሃለሁ» እል ነበር፤ ውሸት አልነበረበትም።

2. ማዕከሉ «ጀማሪ ተመራማሪ፣ የወፍ ተባይ ክትትል» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ባወጣ ጊዜ ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም። ወፍ አለበት፣ ክትትል አለበት። ይህ ቦታ እኔን አስቦ የወጣ መሰለኝ። ማስታወቂያው በሙያው ዲግሪና የሁለት ዓመት አግባብ ያለው የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሁለቱም አሉኝ ብዬ አመለከትሁ።

3. የሕይወት ታሪኬን የተየበልኝ ጓደኛዬ ሮዳስ ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ቤት ያለው ሲሆን፣ ለወረዳው ሠራተኞች ሪፖርት ሲተይብ ስለሚውል የቢሮ አማርኛ ከኔ ይበልጥ ያውቃል። «ወፍ ጠባቂ» ብዬ የጻፍሁትን አይቶ «ይህን ይዘህ ከሄድህ ዘበኛ አድርገው ነው የሚቀጥሩህ» አለኝና አስተካከለልኝ። ወፍ ጠባቂነቴ «የአእዋፍ እንቅስቃሴ ክትትል ባለሙያነት» ሆነ። ማማዬ «ከፍታ ላይ የሚገኝ የመስክ ጣቢያ» ተባለ። ወንጭፌ «ከኬሚካል ነፃ የሆነ የተባይ መከላከያ ቴክኖሎጂ» ተብሎ ገባ። ከታች ባለው ዳስ ለጠባቂዎቹ በየተራ ወጥ መሥራታችንን «የቡድን ሥራና የሥነ ምግብ አስተዳደር» አለው። ነገሮቹ በሙሉ የኔ ናቸው፤ ቃላቱ ግን የሮዳስ ናቸው።

4. ማስታወቂያው የልምድ ማስረጃ ከማኅተም ጋር ስለሚጠይቅ አቶ ሸጋውን ለመንኋቸው። አቶ ሸጋው ትራክተር አላቸው፣ ግመል አላቸው፣ ማኅተም የላቸውም። «አንተ ልጅ፣ ወረቀት ምን ያደርግልሃል? ማሽላው እንደሆን አልተበላ! ይኸን አሳያቸው፣ ተማም ነው፣ ይበቃል» ብለው አንድ ዛላ ማሽላ ቆርጠው ሰጡኝ። ሽማግሌ የሰጡኝን መጣል ነውር ስለሆነብኝ ከማመልከቻዬ ጋር አያይዤ አስገባሁት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋም ሳትስቅ «አባሪ፦ አንድ ዛላ ማሽላ» ብላ መዝግባዋለች። በኋላ እንደሰማሁት ይህ ማስረጃ መዝገብ ቤት ውስጥ ሳለ ግማሹን አይጥ በልቶታል። እኔ ስጠብቀው ከዚያ ዛላ ላይ አንድ ፍሬ እንኳ እንዳልጎደለ በአክብሮት አስታውሳለሁ።

5. ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁት የኅዳር ወፍ በበረታበት ሰሞን ነው። ማማዬን ለሌላ ሰው ለቅቄ መጣሁ። ጥቁር ሱፍ ተውሼ፣ ለሦስት ቀን ሳልጮህ ድምፄን አሳርፌ፣ ሰላም ብዬ ገባሁ። ኮሚቴው አምስት አባላት ነበሩት፤ ሰብሳቢው የማሽላ አገር የሆነችው የአብርሃ ጅራ ተወላጅ አቶ ባየልኝ ነበሩ። አንደኛው አባል ስለ «መስክ ጣቢያው» አድንቀው ካበቁ በኋላ የገንዘብ ድጋፍ ያደረገልን ድርጅት ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። «አቶ ሸጋው ናቸው» አልሁ። «አቶ ሸጋው የየት አገር ድርጅት ነው?» ተባልሁ። እዚህ ላይ ሁሉንም ነገር በቀጥታ ነገርኋቸው፤ ማማ ነው፣ ወንጭፍ ነው፣ ጩኸት ነው አልሁ። ከዚያ አቶ ባየልኝ መነጽራቸውን አውልቀው «እስኪ የምትጮኸውን አሳየን» አሉኝ። ይህ ቃል በአምስቱም አባላት ፊት የተነገረ ነው። ማሳየት ማለት ደግሞ፣ ክብርት ሆይ፣ በሹክሹክታ አይሆንም።

6. ስለዚህ ተነስቼ፣ ወንበሩን ገፋ አድርጌ ጮኽሁ። ጩኸቱ በጽሑፍ የሚሰፍር ስላልሆነ እዚህ አላስገባሁትም። ቀጥሎ የሆነው ግን ሊመዘገብ ይገባል። የበሩ ጥበቃ አቶ አዛናው ከመቅጽበት በጩኸት መለሱ። እርሳቸውን ሰምተው ከግቢው ውጭ ቀጣሪ ሲጠባበቁ የነበሩት የማሽላ አጫጆች መለሱ፤ የጎጃሞቹ በጎጃም ዜማ፣ የወሎዎቹ በወሎ ዜማ። ከእነርሱ ወደ መናኸሪያው፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው አለፈ። ባጃጆች ጡሩምባ ነፉ። ምን ሆነ ብሎ እየሮጠ የመጣው ፖሊስ ግቢው ውስጥ የገባው ራሱ እየመለሰ ነበር። በግቢው የኒም ዛፍ ላይ የነበረው ወፍ ሁሉ ተነስቶ ወደ ሱዳን በኩል ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

7. ከሳምንት በኋላ ውጤቱ ተለጠፈ። በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ነኝ። በሥራ ልምድ ግን «ማኅተም ያለው ማስረጃ ያልቀረበበትና ለምርምር አግባብነት የሌለው» ተብሎ ዜሮ ተሰጠኝ። በሥነ ምግባርም «በቃለ መጠይቅ ሰዓት የመሥሪያ ቤቱንና የከተማውን ጸጥታ በድምፅ አውኳል» ተብሎ ዜሮ ሆነ። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ክብ ማኅተም ተመትቶበታል። አልፈዋል የተባሉት የሚቀጠሩት በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ማማዬን ስለለቀቅሁ ወፍ ጠባቂ አይደለሁም፤ ተመራማሪም አልሆንሁም። ከተማ ውስጥ በሄድሁበት ሁሉ ባጃጅ ነጂዎች እየጮሁብኝ ያልፋሉ፤ እኔም ሳላስበው እመልሳለሁ።

8. ዜሮው አናዶኛል፤ «አግባብነት የሌለው» የሚለው ቃል ግን እውነቱን ለመናገር አስከፍቶኛል። ስለዚህ ስለ መመላለሱ ትንሽ እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ። በማሳ ላይ አንድ ጠባቂ ሲጮህ የሰማው ጎረቤት ሁሉ ተቀብሎ ይጮሃል። ዝም ያለ ሰው ካለ የተነሳው መንጋ የሚወርደው በእርሱ ማሳ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት መመለስ ከሰው አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ሥራውን ከተዉ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ሰዎችም ሳያስቡት ይመልሳሉ። ነገር ግን ለማንም ጩኸት አይመለስም። አዲስ ሰው ለአንድ ቁራም፣ ለራሱ ጥላም ስለሚጮህ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኔም በመጀመሪያው መኸሬ ዲግሪዬን በፌስታል ጠቅልዬ ማማው ላይ ሰቅዬ፣ ቀኑን ሙሉ ጮኼ የሚመልስልኝ አጥቼ አውቃለሁ። ወፉ ሁሉ እኔ ላይ ነበር የሚወርደው። ከዚያ አንድ ጠዋት ከሩቁ ማሳ ጋሽ እንግዳው የሚባሉ አንጋፋ ጠባቂ መለሱልኝ። ከእርሳቸው ወዲያ ያለውም መለሰ፣ ከዚያም ወዲያ ያለው። ማማዬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። በምረቃዬ ቀን እንኳ እንደዚያ ደስ አላለኝም።

9. እንግዲህ በቃለ መጠይቁ ቀን የሆነው ይህ ነው። ጩኸቴ የአዲስ ሰው ቢሆን ኖሮ አቶ አዛናው ዝም ይሉ ነበር፤ አጫጆቹም ይስቁብኝ ነበር። ከተማው በሙሉ ስለ ልምዴ መስክሮልኛል። በቃለ ጉባኤው ውስጥ ያልተጻፈ አንድ ነገርም አለ። ከሁሉ በፊት፣ ከበሩ ጥበቃም ቀድመው የመለሱልኝ ሰብሳቢው አቶ ባየልኝ ናቸው። እጃቸውን በአፋቸው ዙሪያ አድርገው፣ ከወንበራቸው ተነስተው፣ አሳምረው ነው የመለሱት። ከዚያ ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉ። እርሳቸውን ለመክሰስ አይደለም ይህን ማንሳቴ፤ አመላለሳቸው በጣም ጥሩ ነበር።

10. ስለሆነም፦

ሀ) ጩኸቴ ከተማውን በድምፅ እንዳወከ የሚናገረው ቃለ ጉባኤ፣ በአምስት ሰዎች የተፈረመና ማኅተም ያለው ስለሆነ፣ በወፍ ጥበቃ ሥራ ልምድ እንዳለኝ የሚያረጋግጥ ሕጋዊ ማስረጃ ሆኖ እንዲያዝልኝ፤

ለ) በዚሁ መሠረት የልምድ ነጥቤ እንደገና እንዲታይልኝ፤ ጥያቄ ካለም ቃለ መጠይቁ በአቶ ሸጋው ማሳ ላይ እንዲደገም፤ ማማው አምስቱንም የኮሚቴ አባላት በአንዴ ስለማይችል በየተራ እንዲወጡ፤

ሐ) አባሪ ሆኖ የቀረበው ዛላ ከአይጡ የተረፈው እንዲመለስልኝ፣ አቶ ሸጋው ስለሚጠይቁኝ፤

መ) ይህ ሁሉ የማይቻል ከሆነ፣ ቢያንስ «አግባብነት የሌለው» የሚለው ቃል እንዲሰረዝልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

11. በመጨረሻ፣ ልተወው ወይስ ላንሳው ብዬ ብዙ ያሰብሁበት ጉዳይ አለ። ያን ቀን ጩኸቱ ከከተማው ተመልሶ ሊበርድ ሲል፣ ከሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ፣ ከተዘጋ በር ጀርባ፣ አንድ የሴት ድምፅ መልሶልኛል። መጨረሻው ላይ ረዘም ብሎ ከፍ የሚል ነበር፤ እንዲህ የሚመልሱት የሳንጃ በኩል ሰዎች ናቸው። በዚያ ፎቅ ላይ የማን የማን ቢሮ እንዳለ አላጣራሁም፤ ለሮዳስም እንኳ አልነገርሁም። ይሁን እንጂ ያቺ ሴት አንድ ጊዜ፣ በልጅነቷ ይሆናል፣ ማሽላ መካከል ማማ ላይ ብቻዋን ቆማ፣ ጮኻ፣ የሚመልስላት ሰው እንደጠበቀች አውቃለሁ። እኔም አሁን እንደዚያው ቆሜአለሁ።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ለይኩን ማተቤ

ግልባጭ፦ በተራ ቁጥር 11 ምክንያት ለማንም አልተደረገም።