ድንቡሼ ረዝማለች

ውድ እህቴ ፌንጣዬ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዛሬ አስራ አንድ ቀኑ ነው። መልስ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልሽ አታምኚኝም፤ እኔም አልዋሽሽም። ተናድጄብሽ ነው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ቀደድኳቸው። የመጀመሪያው ስድብ ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ለቅሶ የበዛበት። ይኼ ሦስተኛው ነው፤ ስፌት ቤቱን ከፍቼ ደንበኛ እስኪመጣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቼ እየጻፍኩልሽ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ ጠረጴዛው በጠመኔ ስለተሞላ ነው።

ልጄን ድንቡሼን ስሰጥሽ ስምንት ዓመቷ ነበር። ያኔ እዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ስምንት ሆነው ነበር የሚማሩት፤ አስተማሪዋ የልጄን ስም ሳታውቅ ነው ዓመቱ ያለቀው። አንቺ ለእረፍት መጥተሽ ደብተሯን ገልጠሽ አየሽና፣ "እታለም፣ ይቺን ልጅ ስጪኝ። እኔ ጋ ትማር፤ አንደኛ ደረጃን ስትጨርስ እመልስልሻለሁ" አልሽኝ። ነርስ ስለሆንሽ ነው መሰለኝ፣ የሚያም ነገር ልትናገሪ ስትይ ድምፅሽ ይለሰልሳል። አባቷ ቶሎ እሺ አለ። እኔ ሦስት ቀን አሰብኩና አንድ ነገር ብቻ ለመንኩሽ፤ የትምህርት ቤት ልብሷን ከእኔ ሌላ ሰው እንዳይሰፋላት። "እዚያ እኮ ተሰፍቶ ሱቅ ውስጥ የተሰቀለውን ነው የሚገዙት" ብለሽ ሳቅሽብኝ። "ይሰቀላ" አልኩሽ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ወር ሲቀረው ትደውያለሽ፤ ልኳን ታነቢልኛለሽ፤ እኔ የልክ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ትከሻ፣ እጅጌ፣ ወገብ፣ ርዝመት። ሌላዋ እናት ልጇ ስታድግ በዓይኗ ታያለች፤ እኔ በቁጥር ነው የሰማሁት። ፊቷን በስልክ አሳይተሽኛል፣ አልካድኩም። ግን በስልክ ፊት እንጂ ቁመት አይታይም።

የዘንድሮውን ልክ ስታነቢልኝ አላመንኩሽም። ወገቧ ቀንሶ ርዝመቷ በአንድ ዓመት አስራ አንድ ሳንቲ ሜትር ጨምሯል አልሽኝ። እንዴት ሆኖ፣ ድንቡሼ እኮ ናት፤ ጉንጯ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ ልጅ። አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሜትር አያያዝ አታውቂም፤ የመጋረጃ ልክ ውሰጂ ብዬሽ መስኮቱን ትተሽ ግድግዳውን ለክተሽ የመጣሽ ሰው ነሽ። ስለዚህ ከርዝመቱ አራት ጣት ቀነስኩ፣ ከትከሻው ሁለት፤ ወገቡን አሰፋሁት። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ሻይ ይዞ መጥቶ ደብተሩንና ጨርቁን አየና፣ "ስሚ እንጂ፣ የተነገረሽ ሌላ፣ የቆረጥሽው ሌላ" አለኝ። "የወለድኳት እኔ፣ የምታውቅልኝ አንተ?" ብዬ አፉን አስዘጋሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ፤ እኔ ሁለቱንም ሆኜ ያለፈውን ዓመት ልክ ይዤ ቀረሁ።

ልብሱ ሲደርስ ድንቡሼ ደውላ "እማዬ፣ ልክክ ብሎኛል" አለችኝ። ደስ ብሎኝ ሄጄ ለጫማ ሰፊው ሳይቀር ነገርኩት።

ከዚያ ነው ያንቺ ደብዳቤ የመጣው። ቀሚሱ ከጉልበቷ በላይ ቀርቷል፤ ትከሻው አላስተነፍስ ብሏታል። ሌላ እንግዛ ስትያት "እማዬ የሰፋችውን ነው የምለብሰው" ብላ ሦስት ቀን ለብሳው ሄዳለች። በሦስተኛው ቀን ጥያቄ ለመመለስ እጇን ስታወጣ ከብብቷ እስከ ወገቧ ተተርትሮ ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። ቤት ገብታ ያለቀሰችው ግን ስለተሳቀባት አይደለም፤ እኔ እንዳልሰማ ፈርታ ነው። አንቺ ቁጭ ብለሽ የተተረተረውን ስትጠቅሚላት ከኋላሽ ቆማ "እማዬ፣ ክሩ እኮ ሌላ ቀለም ነው" አለችሽ። አንቺን እማዬ ማለቷ ወዲያው ገባት፤ ላንቺም ገባሽ። ሳትመልሺላት፣ ውሃ ጥጄ ነበር ብለሽ ማድ ቤት ገባሽ። "ይቅር በይኝ እታለም፣ እኔ አስተምሬያት አይደለም" ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከሥሩ ደግሞ፣ ሁለተኛ ደረጃን እዚሁ ትቀጥል ወይስ ትመለስ፣ የመጪው ዓመት ምዝገባ ከአሁኑ ተጀምሮ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፣ ቁርጡን አሳውቂኝ።

አንብቤ እንደጨረስኩ ለባሌ "ልጄን ትመልስልኝ፣ በቃ" አልኩት። የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግን ውሎ እጁን እየታጠበ ነበር። እንደምታውቂው ነገር አያበዛም።

"ልጅቷን ጠይቀሻታል?" አለኝ።

"የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች?"

"ልብሱ እንደጠበባት አውቃለች" ብሎኝ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገባ።

በማግስቱ አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ ደወልኩላት። "እስቲ ንገሪኝ፣ መምጣት ነው መቅረት የምትፈልጊው?" አልኳት።

"እማዬ፣ እዚህ ብጨርስ ይከፋሻል?"

"ኧረ በጭራሽ። ምን ይከፋኛል?" አልኳት። ልክክ ብሎኛል ያለችኝ በዚሁ ድምፅ ነበር፤ ውሸቱን ከማን እንደወረሰችው ያኔ ገባኝ። ከዚያ ምላሷ ተፈታ። የሳይንስ አስተማሪዋ እጇን ባወጣች ቁጥር በስሟ እንደምትጠራት ነገረችኝ። ደግሞ እሷ ከመጣች አክስቷ ራት ብቻዋን ልትበላ ነው፤ ይኼም አሳስቧታል።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ ፌንጣ። ሜትር አያያዝ አለማወቅሽ ሰበብ ነው፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ቁጥሩን ስትነግሪኝ ትክክል መሆኑን አውቄዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልክ የወሰድኩ ሴት ነኝ፤ የልጅ ክንድና ቁመት አብሮ ሲመዘዝ አይጠፋኝም። ጨርቁን ያሳጠርኩት እኔ ሳላያት እንድታድግ ስላልፈለግኩ ነው። ትንሽ ልብስ ከሰፋሁ የምትለብሰውም ትንሽ ልጅ ትሆናለች ብዬ ነው መሰለኝ፤ እንጃልኝ። በእኔ ሞኝነት ልጄ ሰው ፊት አፈረች። ይኼን ለእሷም ነግሬያት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። "ተይ እማዬ፣ እኔና አክስቴ ቦርሳ አድርገን ሰፍተነዋል" ብላ አሳቀችኝ። ቦርሳው ጠማማ ነው አሉ። አንቺ ካለሽበት ሌላ ምን ይጠበቃል።

"እማዬ" ያለችሽ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አንገብግቦኝ ነበር፤ አልደብቅሽም፣ ቀናሁ። ትናንት ከሰዓት አንድ ሱሪ እየቀመቀምኩ ሳለ አንቺው ትዝ አልሽኝ። እናታችን ባረፈች በዓመቱ፣ አንቺ ስድስት ዓመትሽ፣ እኔ አስራ አራት። ጸጉርሽን እየሠራሁሽ "እማዬ አመመኝ፣ አላዪው" አልሽኝ። ወዲያው ደንግጠሽ ፊቴን ለማየት ዞር አልሽ። እኔ "አቤት" አልኩሽና አላላሁልሽ። ሌላ ምን እላለሁ? እናታችን በዚያ ምን ጎደለባት? ይኸው ዛሬም ስሟ ሲነሳ ድምፅሽ ይሰበራል።

ስለዚህ መዝግቢያት። ሁለተኛ ደረጃንም እዚያው ትጨርስ። ልብሷን ከሱቅ፣ ልኳ የሆነውን ግዢላት። ትምህርት ሲዘጋ ግን ምንም ሰበብ ሳታበዢ ላኪልኝ፤ ከተቻለሽ አንቺም አብረሻት ነይ። ተናድጄብሽም ናፍቀሽኛል።

ታላቅሽ ነኝና አንድ ነገር ልዘዝሽ። ያን ቀን ማድ ቤት የገባሽው ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ልጅቷ ግን መልስ አጥታ ቆማ ቀርታለች። ሁለተኛ እንዳይደገም። እማዬ ብላ ስትጠራሽ አቤት በያት።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ