ቀስ ብሎ የሚሞቀው አምፕሊፋየር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12 ቀን 1985

ዛሬ ለጊታሬ አምፕሊፋየር ልመርጥ ከታላቅ ወንድሜ ከተስፋይ ጋር ዓኽርያ ሰፈር፣ አቦይ ተኽለ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ሄድን። ተስፋይ ከትግል ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ፣ «የበረሃ ሸዳ ጫማህን አውልቀህ ነው የምትተኛው?» እያልኩ ሳላበሽቀው የዋልኩበት ቀን የለም።

ልቤ አዲሱ ባለ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ላይ ነበር። ሳበራው ግን ድው አለ፤ ወዲያው ራሴን ወለሉ ላይ አገኘሁት። ተስፋይ ጎትቶ ጥሎኝ፣ ላዬ ላይ ተኝቶ፣ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ሸፍኖታል። ቀልድ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

አቦይ ተኽለ አሮጌውን የጣልያን አምፕሊፋየር ሳጥን ሶኬት ላይ ሰኩት። «ይሄ ባለ ቫልቮላ ነው፤ አምፖሎቹ እስኪሞቁ ታገሡት» አሉ። ቫልቮላዎቹ ቀስ ብለው ቀሉ። ድምፁም ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ቀስ እያለ ደረሰ። ብሉዝ ስጫወትበት፣ ክሩን ጠበቅ ሳደርገው ሻከር ይላል። ተስፋይ መዳፉን ሳጥኑ ላይ አሳርፎ እስክጨርስ አላነሳውም።

ሳጥኑን ተሸክመን ስንመለስ ጠየቀኝ።

«አዲሱን ለምን ተውከው?»

«ይሄኛው አንተን ይመስላላ። ከእንቅልፉ እስኪነቃ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።»

«ዋይ ኣንታ፣ መቼ ነው የምታድገው?» ብሎ ሳቀ።

ትከሻው ላይ የሱቁ አቧራ ነበር። አራገፍኩለት።