ፊት የሌለው ፎቶ

ጥቅምት 6
ደንበኛዬ መምህሯ ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። እንደ ሁልጊዜዋ ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። መሃል አናቷ እየሳሳ ነው... ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እናቷም አታውቅም። ዛሬ ሹሩባውን ከጎን አዙሬ ባዶውን ሸፈንኩት። እጄ ይባረክ፤ ራሴን ካላመሰገንኩ ማን ያመሰግነኛል? ከመሥራቴ በፊትም፣ ከሠራሁ በኋላም ከኋላዋ ፎቶ አነሳሁ። አላየችኝም። ከጆሮ ጌጧ በቀር ምኗም አይታወቅም። ፊት ከሌለው ምን ይጠየቃል?

ጥቅምት 9
ሁለቱን ፎቶዎች አሳጥቤ ከሌሎቹ ደንበኞቼ ጋር የበሩ መስታወት ላይ ለጠፍኩ። "በፊት" እና "በኋላ"። ገና ከመለጠፌ አንዷ እንደዚህ ሥሪኝ ብላ ገባች።
አጠገቤ የምትሠራው ጥፍር ሠሪ ግን ፊቷን አጨማደደች። ጠይቀሻታል ወይ ትለኛለች። ጀርባ ይጠየቃል እንዴ?

ጥቅምት 20
መምህሯ ደወለች። የሥራ ባልደረባዋ በዚህ ስታልፍ በጆሮ ጌጧ ለይታታለች። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ፀጉርሽን ምን ነካው፣ አሞሽ ነው እንዴ ብላታለች።
አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ሻሼን አንቺ ፊት የማወልቀው አምኜሽ ነበር" አለችና ዘጋችው።
ፎቶውን ላጥኩት። ግን ደሜ ፈላ። ስሟን አልጻፍኩ፣ ፊቷን አላሳየሁ... ያሳመርኳት እኔ፣ ጥፋተኛዋም እኔ?

ጥቅምት 22
ቀኑን ሙሉ ጥፍር ሠሪዋ ላይ ሳጉረመርም ዋልኩ። ጥፍር እየቀባች ሰማችኝ። ጎንበስ ብዬ ወለል ስጠርግ ከኋላዬ ቀጭ አድርጋ ፎቶ አነሳችኝና ስልኳን ሰጠችኝ።
የማን አናት ነው ይሄ? የኔ! መሃሉ ላይ ሳንቲም የምታህል ራሰ በራ... ስንቱን አናት ሳበጥር የራሴን አይቼው አላውቅም። አጥፊው አልኳት።
"ፊትሽ እኮ የለበትም" አለችኝ።
የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች... ውሃ ሆንኩ።

ጥቅምት 23
ቀኑን ሙሉ አፈርኩ።

ኅዳር 2
በሩ ላይ የነበሩትን ሁሉ አወረድኩ። ለየባለቤቶቻቸው እየደወልኩ ልለጥፈው ወይ አልኩ። ብዙዎቹ ደስ አላቸው። አንዷ ሙሽራ እንዲያውም ለምን ትንሽ ሆነ ብላ ተቆጣችኝ። ሌላዋ ግን "እስከዛሬ አውርጂልኝ ለማለት አፍሬ ነው" አለች። ቀደድኩት።
መምህሯ ስልክ አታነሳም። ቤቷ ልሂድ? ደጇ ቆሜ ጎረቤት ልሰብስብባት? ይቅር። መልእክት ጻፍኩላት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከስልኬም አጥፍቼዋለሁ፣ ወንበርሽ አለ።

ኅዳር 14
መልስ የለም። ሻሿን አሁን የምትፈታው የት ይሆን? የትም ካልሆነስ...

ኅዳር 26
መጣች።
በሩ ላይ ቆም አለች። በእሷ ቦታ ጥፍር ሠሪዋ ያነሳችውን የራሴን አናት ለጥፌዋለሁ፤ እንዳለ፣ ሳይሸፈን።
"ይሄ የማን ነው?"
"የኔ።"
"ጠየቅሻት?"
"ጠየቅኳት። ትንሽ ተግደረደረች፣ በኋላ እሺ አለች።"
ሳቀች። እኔ ግን እንባዬ መጣ። ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ሻሿን ራሷ ፈታች።
ስሠራት፣ የፀጉሯን መሳሳት ለእናቷ እንደነገረቻት አጫወተችኝ። እናቷም ለካ በእሷ ዕድሜ እንዲሁ ሆና ነበር፤ ደብቃ ነው እንጂ። ስጨርስ ስልኳን ዘረጋችልኝ፤ ፎቶ ለእናቷ ልትልክላት ነው። በልማዴ ወደ ኋላዋ ልዞር ስል እጄን ያዘችኝ።
"የት ትሄጃለሽ? ከፊት ነው።"
ፊት ለፊቷ ቆምኩ። የጆሮ ጌጧን አስተካከለች፣ ቀና አለች። ጣቴን ስልኩ ላይ ሳላሳርፍ ጠበቅኳት።
"አሁን" አለች።