በዝናብ መሀል የተቀባ ነጥብ

ለምወድህ ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? ዝናብ ሊመጣ ሲል ይጠዘጥዘኛል ብለህ ከጻፍክልኝ ወዲህ፣ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር የማስበው እሱን ነው። እኔ ደህና ነኝ። የስፌት መኪናዬም እያጓራች ደህና ናት። አባባም አሉ፤ የእሳቸውን ነገር ዝቅ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

አስቀድሜ የክለባችንን መፍረስ ከእኔ ስማው። ከሊጉ በወረድን ጊዜ ክለቡን የሚደጉሙት የፋብሪካው ሰዎች፣ በጥሎ ማለፉ ለዋንጫ ጨዋታ ከደረሳችሁ አንድ ዓመት እንታገሳችኋለን ብለው ነበር። እነሱ ቃላቸውን ጠበቁ፤ እኛ አልደረስንም። ማሊያዎቹ በጆንያ ታስረው እኔ ቤት መጡ፤ ለፋብሪካው የጥበቃ ሠራተኞች ስለሚሰጡ ቁጥራቸውን ፍቺ ተባልኩ። የገዛ እጄን ስፌት ስተረትር ሰነበትኩ። የድሮው አንድ ቁጥርህ ከመሀላቸው ወጣ። እሱን አልነካሁትም።

አሁን ወደ ደብዳቤህ ልመለስ። «አባባ በሰው ፊት ፊታቸውን አዞሩብኝ፤ ከእንግዲህ እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም» ብለሃል። አዙረውብሃል፤ እኔም ከደጋፊው መሀል ሆኜ አይቻለሁ። ወደ ትልቁ ክለብ ከሄድክ ወዲህ ስምህን ጠርተው አያውቁም፤ እኔ «ወንድሜ» ስል እሳቸው «ያ ሰውዬ» ነው የሚሉህ። ግን አንተ የምትሰለፍበት ጨዋታ በሬዲዮ ሲተላለፍ ሬዲዮኑን አቅፈው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ቤት ውስጥ ሞገዱ አይገባም አሉኝ። ይገባል።

ክለብህ ከእኛ ጋር ያደረገውን የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ አንተ ከጎሉ ሥር ሆነህ ነው ያየኸው፤ ከዳር የታየውን ደግሞ ልንገርህ። ከዕረፍት በፊት ከአጥቂያችን ጋር ተጋጭተህ ጉልበትህን ይዘህ ስትቀር ሕዝቡ «ከሃዲ» እያለ ዘፈነብህ። አባባ የኖራ ባልዲያቸውን እንዳንጠለጠሉ መስመሩ ዳር ቆመው ነበር። ባልዲው አዘንብሎ ኖራው ጫማቸው ላይ ይፈሳል፤ እሳቸው ግን ዓይናቸው አንተ ላይ ነው። ተነሥተህ እያነከስክ እስክትቆም ድረስ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ዝናቡ መስመሩን ሁሉ አጥቦት ስለነበር በዕረፍቱ ሰዓት አባባ ሊያድሱት ገቡ። መቼም ያለ ሲባጎ እንደማያሰምሩ ታውቃለህ። ለየልኩ ቋጠሮ ያለውን፣ ለሪጎሬው ነጥብ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን፣ አንዱን ጫፍ ይዘህላቸው ያደግክበትን ሲባጎ ማለቴ ነው። በፋብሪካው በኩል ባለው ጎል ሲባጎውን ዘረጉ፣ ለኩ፣ ቀቡ። ከዚያ አንተ ለሁለተኛው አጋማሽ ወደምትቆምበት ጎል ተሻገሩ። እዚያ ሲባጎው ከኪሳቸው አልወጣም። ትንሽ ቆመው ጎሉን አዩ፤ ጎንበስ ብለው ነጥቧን በእጃቸው ቀቡ። ከጎኔ የተቀመጠው ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ፣ «ጋሽ ኖራ ዛሬስ ዝናቡ አስመረራቸው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

መጨረሻ ላይ ሪጎሬ ተሰጠን። አምበላችን ወደ ግራህ መታት። ያወጣሃት በጣትህ ጫፍ ነው፤ እኛም በዚያው ወደቅን፤ ጋዜጦቹም ያንን ነው የጻፉት።

በማግስቱ አሰልጣኛችን ሜትር ይዞ ገባ። በፋብሪካው በኩል ያለው ነጥብ ልክ ነበር። በአንተ በኩል ያለው ግን ከጎሉ አንድ ሙሉ እርምጃ ርቋል። ክለቡ ቢያመለክት ፌዴሬሽኑ፣ ሜዳውን ያሰመረው የራሳችሁ ሰው ነው ብሎ ውጤቱን አጸደቀ። ያን ጊዜ ኮሚቴው አባባን ጠራቸው። ከእሳቸው ጋር የገባሁት እኔ ነኝ።

የኮሚቴው ጸሐፊ አቀርቅሮ፣ «ጋሽ ኖራ፣ እንደ አባቴ ነው የማይዎት፤ እውነቱን ይንገሩን። ለልጅዎ ብለው ነው?» አላቸው። አሰልጣኙ ከግድግዳው ተደግፎ፣ «ከልጁ ጋር መክረው ከሆነማ እሱንም ያሳግደዋል» አለ። አባባ ወደ አሰልጣኙ ዞሩ። «ዓይኔ ከከዳኝ ሰንብቷል። ከሥራ እንዳታወጡኝ ፈርቼ ደብቄያችሁ ነው፤ በፋብሪካው በኩል ያለውን በሲባጎው ዳብሼ ነው ያገኘሁት» አሉ። አሰልጣኙ ሳያምን እጁን ከፊታቸው አወናጨፈ። ሽፋሽፍታቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። አባባ ጠረጴዛውን ዳብሰው የሜዳውን ቁልፍ አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ምሪኝ» አሉኝ። እጄን ይዘው ወጡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሰፈሩ ሰው ነው የሚያሻግራቸው። ፊት «ክለባችንን ገደሉት» ይል የነበረው ሁሉ አሁን «ምስኪን» ይላቸዋል። አንተንም «ልጁ ምን አጠፋ፣ የመጣችለትን ኳስ አወጣ» ነው የሚሉህ፤ በክፉ የሚያነሣህ የለም። ሐኪም ዓይንዎን ይይልዎት ብላቸው እንቢ አሉ። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቀን፣ «ጋሽ ኖራ፣ ምላጩ ሳይነካዎት እኮ ነው የሚያፈገፍጉት፤ ከእኔ የተሻለ ሳያዩ አይቀሩም» ብሎ ቀለደባቸው። ከዚያ ወዲህ እሱ ቤት አልሄዱም፤ ፂማቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል።

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ዳር ወስጄ አስቀምጣቸዋለሁ። ሣሩ ውጦታል፤ የሰፈር ጎረምሶች ያለ መስመር ይራገጡበታል። ባለፈው አባባን፣ «ኳሷ ወጥታለች እኮ» ሲሉ ሰማኋቸው። ዘወር ብዬ ሳያቸው መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። እኔም እንዳልሰማ ሆንኩ። አንድ ቤት እየኖርን እንዲህ ነው የምንውለው።

የዚያ የጨዋታ ቀን ብርድ ደረታቸው ላይ ቀርቷል። ለሳሉ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ በስንት ልመና እሺ አሉኝ። ሐኪሙ እኔን ብቻዬን ጠርቶ ያለኝን እዚህ ላይ አልጽፈውም። ብቻ ውድድሩ እስኪያልቅ አትጠብቅ። ፈቃድ ጠይቅና ና።

ስትመጣ በሩ ላይ «ማነው?» ይሉሃል። ስምህን ንገራቸው። እጃቸውን ይዘህ ወደ ወንበራቸው ምራቸው፤ ደፉን አሳያቸው፣ ውኃውን እጃቸው ላይ አስይዛቸው። ስለዚያ ነጥብ ግን እንዳትጠይቃቸው። እኔንም አትጠይቀኝ፤ ያየሁትን ጽፌልሃለሁ።

ከደብዳቤው ጋር የድሮ ጓንትህን ልኬልሃለሁ። ቤት ጥለኸው የሄድከው፣ አውራ ጣቱ ላይ የተቀደደው ጥቁሩ ነው። ኖራ ኖራ ይሸታል፤ ለካ ያን ሁሉ ዘመን የኖራው መጋዘን ውስጥ ኖሯል። ትናንት ማሊያዎቹን አስረክቤ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። ቤት ውስጥ ከአባባ በቀር ሰው አልነበረም። «ለዚያ ሰውዬ ላኪለት፤ ዝናብ ሲሆን አሁንም ይይዛል» አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። ቀዳዳው በጥቁር ክር ተደፍኗል። እኔ ሰፊዋ እንኳ ስፌቱን ለማየት ወደ መስኮቱ መጠጋት ነበረብኝ። መርፌዬ ደግሞ ክር እንደገባባት ጠረጴዛው ላይ ነበረች።

ጉልበትህን ያጽናልህ፤ እጅህን ከስብራት፣ ዓይንህን ከጨለማ ይጠብቅልህ። መንገዱን አቅንቶ በጊዜ ያድርስህ።

አንተን እየጠበቀች በር በር የምታይ
ታናሽ እህትህ