የተሳሳተ ዜማ ወደ ፊት አይሄድም

ይድረስ ለምወድዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ፤

አባዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀዎት ወይስ ዛሬም እንደ ግትር እንግዳ አልወጣም ብሎ ተቀምጧል? ዓይንዎን ሐኪሙ ካየው ወዲህ ይህን ራስዎ ማንበብ ከቻሉ እሰየው። ካልቻሉ ታላቅ ወንድሜ ያንብብልዎት፤ ግን አደራ፣ እኔን የሚያሳፍረኝ ቦታ ሲደርስ እንዳይዘል፣ ሁሉንም ይስሙልኝ። እማዬስ ደህና ናት? ወገቧን ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። እዚያው ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ዛሬም አንሶላ እተኩሳለሁ። ከእንፋሎቱ ብዛት ፊቴ ወዝቶ፣ ከሩቅ ላየኝ የተመቸኝ እመስላለሁ።

ልጄም ደህና ናት። ድንቢጥ ብለው የጠሯት እርስዎ ነዎት እንጂ አሁንስ ቁመቷ እኔን አልፏል። ባለፈው በስልክ ቅዱስ ዜማ ለጭብጨባ መድረክ ላይ አይወጣም፣ ደግሞም ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብለው ተቆጡኝ። ኋላ ረጋ ብለው፣ እንግዲህ አንድ ጊዜ ትሞክር፣ አንቺ ግን የሆነውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ፣ መቀጠሏን ከዚያ በኋላ እወስናለሁ አሉኝ። የትምህርት ቤቷ የዜማና የውዝዋዜ ቡድን በሚቀጥለው ወር ወደ ሌላ አገር ይጓዛል። የፈቃድ ወረቀቱ እኔ ዘንድ ነው፣ አልፈረምኩበትም። ልጅቷም አያቴ እሺ ካላሉ አልሄድም ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። እንግዲህ የሆነውን እነሆ።

የሚለማመዱት በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ናቸው፤ ወላጆቻቸው ከየአገሩ የመጡ፣ እያንዳንዳቸው የየእምነታቸውን ዜማና ውዝዋዜ የያዙ ልጆች። አንዱ ረጅም ልጅ አባቶቹ ሲጸልዩ እንደሚያደርጉት ባለበት ይሽከረከራል። እኔ ቆሜ ሳየው ያዞረኛል፣ እሱ ግን ሲያበቃ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዷ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቃጭል አሥራ በጣቶቿና በዓይኖቿ ብቻ አንድ ሙሉ ታሪክ ትተርካለች። የአስተማሪያቸው ሕግ ደግሞ አንድ ነው፦ የሌላውን ያልተማረ የራሱን ይዞ አይወጣም። ረጅሙ ልጅ የኛን ሽብሸባ ሲሞክር ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነፋስ የመታው ሱሪ ነበር የሚመስለው። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ጫማዬን ሳስር፣ ድንቢጥ ግን ፍንክች ሳትል፣ ትከሻህን ተወው፣ የሚወዘውዝህ እስትንፋስህ ነው ትለዋለች። አባዬ፣ የእርስዎ ቃል እኮ ነው! ጆሮዬን አላመንኩም።

ለሕዝብ ያቀረቡበት ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አለቃዬም ያቺ ፈገግታ የማታውቀው ሴትዮ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። የድንቢጥ ተራ ደረሰ። ነጭ ለብሳ፣ ከበሮዋን አንግታ፣ ረጅሙን ልጅ ጨምሮ አራት ጓደኞቿን ከኋላዋ አሰልፋ ቀስ ብላ ጀመረች። እንዴት ያለ ድምፅ መሰለዎት! አለቃዬ እንኳ ቦርሳዋን መነካካቷን ተወች።

ከዚያ ያ ዜማው ወደ ላይ ወጥቶ የሚመለስበት ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ድምፅዋ በአንድ በኩል ከበሮዋ በሌላ በኩል ሄዱ። ቀጥ ብላ ቆመች። ቆመችልዎ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት! እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አስተማሪዋ ከመጋረጃው ሥር ቀጥዪ፣ ቀጥዪ እያለች በእጇ ትለምናታለች፤ ለካስ እዚህ ሲሳሳቱ ፈገግ ብሎ ማለፍ ነው ደንቡ፣ ማንም አያውቅም። ድንቢጥ ግን ወደ ድምፅ ማጉያው ጠጋ ብላ፣ ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ፣ በኛ ዘንድ የተሳሳተ ዜማ ወደ ፊት አይሄድም፣ ከመጀመሪያው እንለዋለን አለቻቸው። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ረጅሙ ልጅ ግን ምንም ሳይጠየቅ ዞሮ ወደ መነሻ ቦታው ሄደ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። የኛ ደም አንድ ጠብታ የሌለባቸው ልጆች፣ አባዬ፣ እርስዎ ተማሪዎችዎን እንደሚያደርጉት ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። እንባዬ መጣ። ኮራሁ፣ ምን ልበልዎት!

ሁለተኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው አደረሰችው። መቼም ልዋሽዎት አልችልም፣ ሲያልቅ ተጨበጨበ፤ ያውም ቆመው። እሷ ግን እጅ አልነሣችም። መዳፏን ከበሮው ላይ አሳርፋ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች፣ ጓደኞቿም እንደሷ አደረጉ፣ ጭብጨባው ራሱ አፍሮ ዝም አለ። አለቃዬ ይህቺን ልጅ ማን ነው ያሳደጋት አለችኝ። አያቷ ናቸው አልኳት።

ከመድረኩ ኋላ ስሄድ ግን ድንቢጥ ታለቅሳለች። ሰው ሁሉ እያቀፈ ያሞግሳታል፣ እሷ ግን፣ እማዬ፣ ሁለተኛውም ልክ አልነበረም፣ ዘዴ ፈልጌ አለፍኩት እንጂ ያ ቦታ እንደዚያ አይደለም፣ ጆሮዬ እምቢ አለኝ አለችኝ። ጆሮዋ የእርስዎ ነው፣ ሐሰት አያስገባም።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ከላካችሁልን ካሴት ተማረችው ብዬዎት ነበር። ውሸቴን ነው። ካሴቱ የደረሰን ክሩ ተበጣጥሶ ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያኔ በረንዳው ላይ ወንዶቹን ሲያስተምሩ ለሴት ልጅ ቦታ አልነበረም። እኔም ልብስ አጥባለሁ እያልኩ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ አንዱን ሸሚዝ አሥር ጊዜ አጥብ ነበር። የታላቅ ወንድሜ ሸሚዝ በምን ነተበ ብላችሁ ስትገረሙ፣ በዜማ ነው የነተበው። ሁሉንም ያዝኩ፣ ከዚያች ቦታ በቀር። እዚያች ላይ ስትደርሱ እማዬ ሁልጊዜ ውሃ አልቋል፣ ሮጠሽ ቅጂ ትለኛለች። ስመለስ አልፋለች። በዕድሜዬ ሰምቻት አላውቅም። ለልጄ የሰጠኋት ከራሴ ፈጥሬ ነው፣ የተሰናከለችውም እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ስህተቱ የኔ ነው እንጂ የሷ አይደለም።

ቁጣ ካለዎት በኔ ይሁን፣ ይገባኛል። እሁድ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ። ያቺን ቦታ ብቻ ያዚሙልን፤ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን እንሰማለን። ከዚያ ትሂድ ካሉ እፈርማለሁ። ትቅር ካሉም አልከራከርም፤ ግን አስተካክላ አውቃው ትቅር።

ታላቅ ወንድሜን ስለ ሸሚዙ ይቅርታ በሉልኝ፣ ሚስቱንና ልጆቹንም አንድ በአንድ ሳሙልኝ። አክስቴን፣ መድኃኒቷን ሳትረሳ ትውሰድ በሉልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ሰላም በሉልኝ። እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ እሁድ እርስዎ ሲያዜሙ ማንንም ለምንም ነገር የትም እንዳትልክ አደራ ንገሩልኝ።

አክባሪ ልጅዎ

ከላውንድሪው መተኮሻ ጠረጴዛ ላይ፣ በምሳ ሰዓት
መጋቢት ፲፩ ቀን