በይግባኙ ዋዜማ የመጡት ሽማግሌ

ሰኞ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1999 ዓ.ም.

ደክሞኛል። ነገ ለይግባኙ ወልድያ እወርዳለሁ። እሠራበት የነበረው ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቀኝ እጄን ከያዘው ወዲህ ጣቶቼ አይታጠፉም። የወረዳው ፍርድ ቤት ግን ጥፋቱ የራሴ ነው ብሎ የጉዳት ካሣዬን ከለከለኝ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባቴ መጡ። የሆቴሉ ባለቤት ለሽምግልና ልኳቸው ኖሯል። የእሱም የንስሐ አባት ናቸው።

«ልጄ፣ ይግባኙን ተይውና ታረቂ» አሉኝ።

«አባቴ፣ እኔ እኮ ከሰውዬው ጋር አልተጣላሁም። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንኳን ሰላም እለዋለሁ።»

«ታዲያ ከሰሽው የለም ወይ?»

«በዚህ እጅ ሠርቼ መብላት ስላቃተኝ ነው። እርቁ ጣቶቼን ያጥፍልኛል ወይ?»

ጠላ ቀዳሁላቸው፤ አልቀመሱም። «እንግዲህ ለሰውዬው ምን ብዬ ልመለስ?» ሲሉ አሳዘኑኝ። እሺ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አላልኩም።

ሲወጡ እንደ ልማዴ መስቀል ልሳለም ጎንበስ አልኩ። መስቀሉን ከኪሳቸው ሳያወጡ «ከወልድያ ስትመለሽ» ብለውኝ ሄዱ።

ስንቄን ቋጥሬያለሁ። ሳልባረክ መንገድ ወጥቼ አላውቅም። መኪናው ግን ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚነሳው…